ሁለት ዓይነት ባትሪ

ሾፌሩ የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃው «ወዴት ልትሄድ ነው?» አለው። «እናቴ መታጠቢያ ቤት» ብሎ ሲመልስ ቢሮው በሳቅ አውካካ። አብሮ ሳቀ እንጂ እሱስ መቀለዱ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲያሽከረክር ፈቃዱን ከዓመት ዓመት ሲያስተላልፍ የኖረ ሰው፣ ዘንድሮ ወሩን ሙሉ የወሰደው የእናቱን ቤት ሊያድስ ነው።

እናቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ ጉልበታቸው ግን ቀድሞ አረጀ። ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ተራራ ሆነባቸው፤ የማዕድ ቤቱ መደርደሪያ ደግሞ ከእጃቸው ራቀ። አንድ ቀን ጠዋት ደፉ አደናቅፏቸው ግድግዳ ተደግፈው ተረፉ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም ነበር፤ የበለዘው ክንዳቸው ግን አሳበቀባቸው። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ያንን ክንድ ባየች ዕለት ለወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ ወሬው ይብቃን። ባለሙያ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ስንል እማዬ ትወድቅብናለች። እኛው እንሥራው።»

«እንሥራው። መሣሪያውን ለኔ ተዉት» አለ ሾፌሩ።

ባሏ የሒሳብ መምህር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውሎ ነበርና ነገሩን ሲሰማ እሱም «መሣሪያውን ለኔ ተዉት» አላት። ለወንድሟ በስልክ እሺ ብላ ነበር፤ ለባሏም እሺ አለች። ባሏ ሲነግራት ቀሚስ እየለካች አፏ ሙሉ ስፒል ይዛ ስለነበር ከራስ ነቅነቅ በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነቅነቅ ነው።

ሾፌሩ መሣሪያ ሲገዛ ምክር የጠየቀው የአውቶቡስ ጋራዡን መካኒክ ነው። መካኒኩም «ከአሥራ ስምንት ቮልት በታች ገዝተህ ብትመጣ አላውቅህም» አለው። ሾፌሩ ሱቅ ገብቶ በዓይኑ ትልቁን ፈለገ። ያገኘውም ብርቱካንማ ድሪል ነው፤ ሽቦ የለውም፣ ኮንክሪት እየደበደበ ይበሳል፣ ባትሪው አንድ ዳቦ ያክላል። አንስቶ ሲይዘው የድሮ ከባድ መኪና ማርሽ የጨበጠ መሰለውና ደስ አለው። ባለሱቁ «ይሄም አይጠፋም» ብሎ አንድ እሽግ ልዩ ልዩ የመጋዝ ስለት ጨመረለት። መጋዝ እንደሌለው ትዝ ያለው አውቶቡስ ከተሳፈረ በኋላ ነው።

መምህሩ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ይዞ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። አሥራ አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሠራ፤ ቮልት፣ ክብደት፣ የመዞር ፍጥነት፣ ዋስትና፣ የድምፅ መጠን ሳይቀር። በመጨረሻ የገዛው ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ግራጫ ስብስብ ነው፤ አንዲት ቀጠን ያለች ድሪል፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ስለቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚሮጥ መጋዝ፣ እንጨት የሚያለሰልስ ማሽን፣ ከሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ጋር።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሰዎች ሣጥናቸውን ታቅፈው በእናትየው ኮሪደር ፊት ለፊት ተገናኙ።

«ምንድነው የያዝከው?» አለ ሾፌሩ።

«ድሪል። አንተስ?»

«ድሪል።»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ደርሳ ሁለቱን ሣጥኖች አየችና ግንባሯን ያዘች። «እናንተ ሰዎች፣ ስልክ ያላችሁ፣ አንድ ከተማ የምትኖሩ፣ ተጠያይቃችሁ አትገዙም?»

«ምንም አይደል፤ ባትሪ እንዋዋሳለን» አለ መምህሩ። የራሱን ባትሪ ከብርቱካንማው ድሪል ግርጌ ሊያስገባ ሞከረ፤ እንቢ አለ። ሾፌሩ የሱን ወደ ግራጫዋ አስጠጋ፤ ጭራሽ መግቢያው አይገናኝም። በዚህም በዚያም አገላብጠው ሞከሩት። እናትየው ከሳሎን ሆነው «ተጋቡ ወይስ አልተጋቡም?» ብለው ጮኹ።

«አልተስማሙም እማዬ!» አለች ልጃቸው።

ሥራው ተጀመረ። ደፉን ነቀሉት፤ ይህ በመዶሻና በመሮ ስለተሠራ ማንም ከማንም አልተጣላም። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ክርክር ሆነ። ሾፌሩ ግድግዳ ሲበሳ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ መምህሩ «በዚህ ዓይነት ልስኑ ይረግፋል» ይላል። መምህሩ ኮንክሪት ሊበሳ ሲሞክር ግራጫዋ ድሪል ትጮኻለች እንጂ ፈቅ አትልም፤ ሾፌሩ «አይዞሽ በያት፣ ሆድ ብሷታል» ይላል። በኮሪደሩ የሚሠሩት ሶኬቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ዓይነት ቻርጀር ደግሞ ሁለቱንም ይይዛል። ረቡዕ ለት ማን እንደነቀለው ሳይታወቅ ማቀዝቀዣው ተነቅሎ ዋለና ወተቱ ተበላሸ፤ ጥርጣሬው ሁሉ በሾፌሩ ላይ ወደቀ።

እነዚህ ሁለት አማቾች አሥራ ሰባት ዓመት አንተ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። ሲኳረፉ ግን አንቱ ይባባላሉ። ከወተቱ ወዲያ ቤቱ አንቱታ በአንቱታ ሆነ።

«እባክዎ መሰላሉን ያዙልኝ።»

«ልያዝልዎ ጌታዬ፤ ባይሆን ቻርጀሬን አይርገጡብኝ።»

እናትየው ይህን ሲሰሙ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ይስቃሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። «ዛሬ ደግሞ አንቱ ላይ ደርሳችኋል?» ብላ ዳቦና ሻይ አቅርባ ወደ ስፌቷ ሄደች።

ሐሙስ ለት የሆነውን ያየ ማንም የለም፤ ከሾፌሩ በቀር። መምህሩ የኮሪደሩን ኮርኒስ ሲያስር ቆይቶ ድሪሏን መሰላሉ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ውሃ ሊጠጣ ወረደ። ሾፌሩ ጣውላ ተሸክሞ ሲያልፍ ትከሻው መሰላሉን ነካው። ድሪሏ ወደቀች፤ ማስነሻዋ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። መምህሩ በድምፁ ሮጦ ሲመጣ ሾፌሩ ጣውላውን አውርዶ ቆሟል።

«አወይ እኔ! አስቀማመጤ ነው» አለ መምህሩ እያነሳት። «ሁልጊዜ ተማሪዎቼን ጫፍ ላይ አታስቀምጡ እላለሁ።»

ሾፌሩ አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ጥርሱ ድረስ መጥታ ነበር። ከዚያ የወተቱ ነገር፣ «ልስኑ ይረግፋል» የተባለው ነገር ትዝ አለውና ቃሏን ዋጣት። «ያጋጥማል» ብቻ አለ። ያን ቀን ምሳው አልጣመውም። ጥፋቱን ደብቆ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ አንዴ የአውቶቡሱ መስታወት የቆመ መኪና ቢጭር ባለቤቱን ግማሽ ሰዓት ፈልጎ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነው። አሁን ለገዛ አማቹ አንዲት ቃል ከበደችው።

አርብ ዕለት ነገሩን ለመርሳት ይመስል ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ሠራ። በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለእናቱ የእጅ መያዣ ብረቶች ሰካ። ከዚያም ሟች አባታቸው በገዛ እጃቸው የሠሩትን የጠንካራ እንጨት በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ እንደገና ሰቀለው። ረጃጅም ብሎኖች በዚያ ትልቅ ድሪል ሲያስገባ መሣሪያው ማቆሚያ አያውቅምና የብሎኖቹን ጭንቅላት እየላጨ ልሙጥ አደረጋቸው። «ዋናው መግባታቸው ነው» አለ ለራሱ። አዲሱንም ቁልፍ ገጠመ፤ ትንሽ ጠመም ያለ መስሎት ነበር፣ ግን ቁልፉ ይዞራል፣ ጠጠር ብሎም ቢሆን። ሥራው ሲያልቅ ባትሪው ጥርግ ብሎ አልቋል። ቻርጀር ላይ ሳይሰካው ደክሞት ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሠፈሩ መብራት አልነበረውም። የመብራት ሠራተኞች ምሰሶ እየቀየሩ ነበርና እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት እንደማይመጣ ለየቤቱ ተናግረዋል። ሾፌሩ ሲደርስ እህቱ በሩ ላይ ተቀበለችው፤ እየሳቀችም እየተጨነቀችም ነበር።

«እማዬ መታጠቢያ ቤት ተቆልፎባታል።»

«እንዴት?»

«ቁልፉ ውስጥ ተሰበረባት። ሲጠጥርባት በሁለት እጇ ጠመዘዘችው።»

ሾፌሩ እህቱን አልፎ ወደ በሩ ሮጠ። «እማዬ! ደህና ነሽ? ወድቀሻል እንዴ?»

ከውስጥ ያ የኦፕሬተር ድምፅ መጣ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው መውጣት አይችሉም። እባክዎ መስመር ላይ ይቆዩ።»

«እማዬ፣ አትቀልጂ!»

«ምን ላድርግ ልጄ? ታጥቤያለሁ፣ ተቀብቻለሁ፣ የሰካህልኝን ብረት ይዤ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ጉልበቴን አሠራሁት። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ እጅህ ይባረክ። ቁልፍህን ግን አላመሰግነውም።»

መምህሩ ቀድሞ ደርሶ በሩን በጥሞና ሲመረምር ነበር። መስኮቱ ድመት ካልሆነ አያስገባም። የበሩን ማጠፊያ ለመንቀል በካቻቢቴ ሞክሯል፤ የብሎኖቹ ጭንቅላት ልሙጥ ስለሆነ ካቻቢቴው ይንሸራተታል። «እነዚህን ጭንቅላቶች በድሪል በስተን ማውጣት አለብን» አለ። ግን በየትኛው? አንደኛው ድሪል አለው፣ ባትሪ የለውም። ሌላኛው ሁለት ሙሉ ባትሪ አለው፣ ድሪሉ የተሰበረ ነው። ቻርጀር እንዳይሰኩ መብራት የለም።

«በትከሻዬ ልስበረው» አለ ሾፌሩ።

«አባትህ ሦስት ሳምንት የለፋበትን በር?» አሉ እናትየው ከውስጥ። «ደግሞ ወደ ውጭ እንዲከፈት ያደረግኸው አንተ ነህ፤ ብትገፋው የት ሊገባ ነው?»

ሾፌሩ ኩም አለ። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መምህሩም አጠገቡ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ መምህሩ በጣቱ በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ።

«ብረቱ ይታያል» አለ። «ከቁልፉ ወጥቶ መቃኑ ውስጥ የገባው ብረት። ጣት የማያስገባ ነው እንጂ ስለት ያስገባል። መጋዜ ይሠራል፣ ባትሪውም ሙሉ ነው። ግን ያለኝ ስለት የእንጨት ብቻ ነው፤ ብረት ላይ ጥርሱ ይረግፋል።»

ሾፌሩ ቀና አለ። «የብረት ስለት እኔ ጋ አለ።»

«መጋዝ ሳይኖርዎት?»

«ባለሱቁ አስታቀፈኝ። ግን ቀለሙም ፋብሪካውም ሌላ ነው፤ አይገጥምም።»

«አምጣው እስቲ።»

እሽጉ መጣ። መምህሩ አንዱን ቀጭን ስለት አውጥቶ መጋዙ አፍ ላይ አስገባው። ቀጭ አለ። ደግሞ አወጣው፤ ደግሞ አስገባው። ቀጭ! ባትሪዎቹ አንገት ለአንገት ሲናነቁ ሳምንት የሞላቸው ሁለት መሣሪያዎች፣ ስለት ላይ ሲደርሱ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩና ፈገግ አሉ።

ልብስ ሰፊዋ የበሩን ክፍተት ለማስፋት ሁለት የእንጨት ሽብልቅ አስገባች። መምህሩ ሽብልቁን ደግፎ ያዘ፤ ሾፌሩ መጋዙን ጨበጠ። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የያዘ እጅ ነውና አይንቀጠቀጥም። «እማዬ፣ ከበሩ ራቂ!» ብሎ ማስነሻውን ተጫነ። ብረቱ ጮኸ፤ ብናኙ ወለሉ ላይ ዘነበ። ትንሿ ባትሪ ግን ለብረት የተሰናዳች አልነበረችም። ግማሽ መንገድ ላይ ደክማ ቆመች። ሁለተኛዋን ሊቀይሩ ሲሉ መጋዙ ግሎ ነበርና መምህሩ «ትንሽ ይረፍ» አለ።

መጋዙ እስኪቀዘቅዝ ሲጠብቁ ነው ሾፌሩ የተናገረው። የገዛ እጁን እያየ እንጂ የመምህሩን ፊት አላየም።

«ሐሙስ ለት ድሪልህን የጣልኩት እኔ ነኝ። ጣውላ ይዤ ሳልፍ መሰላሉን ገፋሁት። አንተ ራስህን ስትወቅስ ዝም አልኩ። ብሎኖቹን የላጨኋቸውም እኔ፣ ቁልፉን ያጣመምኩትም እኔ። ዛሬ ያ ድሪል ቢኖር ኖሮ እማዬ ወጥታ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«እኔም የማቀዝቀዣውን ሶኬት የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «በኮሪደሩ ሶኬት ስላጣሁ ቻርጀሬን ልሰካበት ብዬ። ከዚያ ደግሞ ረሳሁት።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አንተን ሲጠረጥሩህ ዝም አልኩ።»

ሾፌሩ መጀመሪያ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። መምህሩም ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፤ እኔ ነኝ የሞኝ ዳኛ» አለች። ከበሩ ወዲያም ሳቅ ተሰማ።

«እማዬ፣ ሰማሽን እንዴ?» አለ ሾፌሩ ደንግጦ።

«ምኑን?» አሉ እናትየው። «ሠላሳ አንድ ዓመት የስንት ሰው ጉዳይ በጆሮዬ ሲያልፍ ኖረ፤ አንዱንም አልሰማሁም። አሁን ሁለተኛውን ባትሪ አስገቡና አውጡኝ፤ ሻይ አማረኝ።»

ሁለተኛዋ ባትሪ ከአራት ደቂቃ በኋላ ሥራዋን ጨረሰች። ብረቱ ጠብ አለ፤ በሩ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። እናትየው ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ ለጉብኝት እንደተዘጋጀ ሰው ቆመው ነበር። ሾፌሩ እቅፍ አድርጎ ሳማቸው። እሳቸውም በትከሻው አሻግረው ወለሉን አዩና «ይህን ብናኝ የሚጠርገው ማነው?» አሉ።

ሻያቸውን በጋዝ ምድጃ ላይ አፍልተው ከጠጡ በኋላ እናትየው ፍርድ ሰጡ። «ሰኞ ሁላችንም አንድ ላይ ሱቅ እንሄዳለን። መሣሪያውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ቤቱ የኔ፣ የተቆለፈብኝም እኔ።»

«እማማ፣ እርስዎ ስለ ቮልት ምን…» ብሎ ጀመረ መምህሩ።

«ስለ ቮልት የሚያውቅ ሰው ሱቁ ውስጥ አይጠፋም። እኔ መጠየቅ አውቃለሁ።»

ሰኞ አራቱም ትልቁ የመሣሪያ መደብር ገቡ። ሻጯ ሰማያዊ ሽርጥ ያደረገች ጎልማሳ ሴት ነች፤ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። እናትየው ወንበር ቀረበላቸው። ሾፌሩና መምህሩ መሣሪያዎቻቸውን ከፌስታል አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩ፤ የተቀጡ ተማሪዎች ይመስሉ ነበር። ሻጯ አየቻቸውና ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ወደዚህ ቤት በየሳምንቱ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ቤተሰብ አለ» አለች። «መጀመሪያ የሚመረጠው ድሪሉ አይደለም፤ ባትሪው ነው። ባትሪው ከተመረጠ ሌላው መሣሪያ ሁሉ እሱን ተከትሎ ይገዛል። ድሪል፣ መጋዝ፣ ማለስለሻ፣ መብራት ሳይቀር፣ በአንድ ባትሪና በአንድ ቻርጀር ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ባትሪ የሌለው ባዶ መሣሪያ ብቻ ትወስዳላችሁ።»

«በዚህኛው ላይ አሥራ ስምንት፣ በዚያኛው ላይ አሥራ ሁለት የሚለውስ?» አሉ እናትየው።

«ቮልቱ ጉልበቱ ነው እማማ። እዚህ ጎን ላይ ያለችው ቁጥር ደግሞ አምፒር ሰዓት ትባላለች፤ እሷ ስንቁ ናት። ስንቁ በበዛ ቁጥር ሳይሞላ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ግን ያንን ስንቅ የሚሸከመው የሰው ክንድ ነው።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። አነጋገሯ ደስ አላቸው። «ሲያልቅ በስንት ጊዜ ይሞላል?»

«ይሄ ትልቁ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መካከለኛው ግማሽ ሰዓት ገደማ። ለዚህ ነው ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ የምመክረው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል።»

«ከጥቂት ዓመት በኋላ ብመጣ ይህንኑ ባትሪ አገኛለሁ?»

ሻጯ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ አሰበች። «ቃል ብገባልዎ ውሸት ይሆናል። እስካሁን ግን የዚህኛው አገጣጠም ለረጅም ጊዜ አልተቀየረም፤ የድሮውም የአዲሱም ይግባባሉ።»

«ያገኛሉ ብትይኝ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር» አሉ እናትየው።

ከዚያ ፈተናው መጣ። «አንተ» አሉት ልጃቸውን፣ «ያንን ዳቦህን አንሳና ኮርኒስ እንደምትበሳ ወደ ላይ ያዝ። እኔ እቆጥራለሁ።» ሾፌሩ ደረቱን ነፍቶ ትልቁን ድሪል አነሳ። እናትየው በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር። ሠላሳ አምስት ላይ ፈገግታው ጠፋ። አርባ ሁለት ላይ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃምሳም ሳይደርስ «በቃ፣ በቃ እማዬ!» አለ። አንድ ደንበኛ ከወዲያ ሆኖ አጨበጨበ።

መምህሩ ጓጉቶ «የኔን ልያዝ?» አለ።

«ያንተን ማንም ይይዛል፤ ኮንክሪቱ ነው እንቢ ያላት» አሉት፤ እሱም ተሸነፈ።

ሻጯ ከመደርደሪያው አንድ ሌላ ድሪል አወረደች። እንደ ሾፌሩ ብርቱካንማ ነው፣ የሱ ባትሪም ይገጥመዋል፤ ቮልቱ አሥራ ስምንት፣ ቁመቱ ግን አጭር። ሞተሩ ውስጡ የሚፋተግ የካርቦን ብሩሽ የሌለው ስለሆነ ብዙ ሳይከብድ ጉልበት እንዳለው፣ ብሎኑ ሲገባ ኃይሉን የሚያቋርጥ ቀለበት እንዳለው፣ ቀለበቱን በቁጥር ዝቅ ካደረጉት የብሎን ጭንቅላት እንደማይላጭ አሳየቻቸው። ሾፌሩ የራሱ ድሪል ላይም ያ ቀለበት እንዳለ ያየው ያኔ ነው፤ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። ሻጯ መካከለኛ ባትሪ ሰካችበትና ለእናትየው ሰጠቻቸው። በአንድ እጅ አነሱት፤ ወደ ጣሪያው አቀኑት፤ ማስነሻውን ተጫኑ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን ሰሙ።

«ይሄ ሰው አይጮኽም፤ ያወራል» አሉ።

መምህሩ ደብተሩን አወጣ። የቤቱን ቀሪ ሥራ ሁሉ ጻፈ፣ ኮንክሪቱን፣ ኮርኒሱን፣ የመደርደሪያውን እንጨት። በየትኛው ባትሪ የትኛው እንደሚሠራ በመስመር በመስመር ምልክት አደረገ። ሲጨርስ ደብተሩን ለአማቹ አዞረው። «የኔው ሰንጠረዥ በእኔ ላይ ፈረደ» አለ። «ባትሪው ያንተ ይሁን፤ ድሪሉ ግን የእማማ።» ከዚያም ከአሥራ አራቱ ዓምዶች ቀጥሎ አሥራ አምስተኛ ከፍቶ «ክንድ» ብሎ ጻፈበት።

«ከመግዛቴ በፊት አንተን ጠይቄ ያንን ደብተርህን ባይ ኖሮ…» አለ ሾፌሩ።

«ባየኸው ኖሮ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር» አለ መምህሩ።

ድሪሉን፣ ሁለት መካከለኛ ባትሪና ባዶ ማለስለሻ ማሽን ይዘው ተመለሱ። ሾፌሩ ግራጫዋን ድሪል ወስዶ ማስነሻዋን በራሱ ወጪ አስጠገነ፤ መምህሩ ለትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍል ሰጣት፤ ለወንበር ብሎን ማጥበቂያ ልክ ነበረች። ባለ አንድ እጁን መጋዝ ግን ከቤት አላስወጡትም።

የቀሩት ሳምንታት እንደ ውሃ ፈሰሱ። የኮሪደሩ ኮርኒስ ሁለት ቀን ሳይሞላው አለቀ፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያስራል፣ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። አሮጌዎቹን ብሎኖች በስተው አወጡና የአባትየውን በር በአዲስ ብሎን ሰቀሉት፤ ሾፌሩ ቀለበቱን ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ አድርጎ አንድ በአንድ፣ በእርጋታ፣ ትንፋሹን ይዞ አጠበቃቸው። አዲስ ቁልፍ ገዝተው መምህሩ በውሃ ልክ ለክቶ ገጠመው፤ በሁለት ጣት ይዞራል። እናትየው የማዕድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ድርሻቸውን ጠየቁ። ልጃቸው ጣውላውን ያዘችላቸው፣ እሳቸው አራት ብሎን አስገቡ። አራተኛዋ ትንሽ ጎበጥ ብላለች። ሾፌሩ ሊያስተካክላት እጁን ሲዘረጋ እህቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ተወው።

ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እናትየው በሩ ላይ ቆመው ግቢውን ሲያዩ ቆዩና «ከዚህ ግድግዳ ሥር ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይመጣል፤ መቀመጫ ግን የለም» አሉ። የሚሉትን ለመረዳት ሰንጠረዥ አላስፈለገም። የተረፈውን ጣውላ አወጡ፤ መምህሩ ለካ፣ ሾፌሩ ቆረጠ፣ ልብስ ሰፊዋ ጠርዙን በማለስለሻው አስተካክላ ሽርጧ ብናኝ በብናኝ ሆነ። እስከ ምሳ ሰዓት አራት እግር ያለው፣ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ቆመ። እናትየው መጀመሪያ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ቀጥሎ ተቀመጡበት፣ ጉልበታቸውን ወደ ፀሐዩ ዘረጉ። የጎረቤቷ ሴትዮ በአጥሩ ላይ አየችና «ለሁለት ሰው ይሆናል እንዴ?» አለች። «ነይ ግቢ» አሉ እናትየው ጠጋ ብለው። ሾፌሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ ቆሞ አያቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ወሬያቸውን ጀምረዋል። ከዚያም መዶሻውን፣ ብሎኑን፣ የተረፈውን ጣውላ ከመሬት እየለቀመ ወደ ቤት ማስገባት ጀመረ።